አጭር እግር ወይስ የተሸፈነ እግር? የፊደል ምስል ጠርዞችን ስለ ማቧደን

በጅቡቲ ከተማ መግቢያ፣ ፒኬ 12 በተባለው ስፍራ፣ የኢትዮጵያ የጭነት መኪኖች ወደ ወደቡ ለመግባት ተራ ይጠብቃሉ። ፈረንሳይኛና ዐረብኛ በሚበዛበት በዚህ ከተማ የግእዝ ፊደል ዘወትር ከሚያልፍባቸው ነገሮች መካከል እነዚህ መኪኖች ይገኛሉ፤ ለብዙ ዓመታት ባገለገለው ሰሌዳ ላይ «ኢት» የሚለው ምልክት አለ፤ በተሳቢዎቹም ላይ ባለቤቶቹ ያጻፉት ቃል አይጠፋም። አቧራና የባሕር ጨው ያደበዘዘውን ጽሑፍ አንባቢ ያለ ብዙ ድካም ይለየዋል። ለኮምፒዩተር ግን ችግሩ ከንባብ አስቀድሞ ይጀምራል።

በምስል ውስጥ ብርሃን በድንገት የሚለወጥባቸው ነጥቦች ጠርዝ ይባላሉ። ጆን ካኒ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው ጠርዝ የማውጫ ስልት ዛሬም ይሠራበታል፤ የሚያወጣው ግን የተበጣጠሰ መስመር ነው፤ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ አይናገርም። ማክስ ቬርትሃይመር እ.ኤ.አ. በ1923 የሰው ዐይን በቅርበት፣ በተመሳሳይነት፣ በመስመር ቀጣይነትና በዝግነት እንደሚያቧድን ጽፎ ነበር። ዴቪድ ሎው እ.ኤ.አ. በ1985 ሐሳቡን ለኮምፒዩተር አስማማው፦ የቁርጥራጮቹ መቀራረብ፣ ትይዩነት ወይም በአንድ መስመር መዋል በአጋጣሚ የመሆኑ ዕድል ጠባብ ከሆነ፣ የአንድ ነገር አካል እንደሆኑ ይገመታል። የፊደል እግርም ለማሽኑ ሁለት ትይዩ ጠርዞች ነው።

ይህ ደንብ በፊደላችን ላይ ሲውል አደጋ አለው፤ በእኛ ጽሕፈት የመስመር መጉደል ራሱ ምልክት ነውና። «በ» እና «ባ» የሚለዩት በግራ እግር ርዝመት ነው፤ «ቡ» እና «ቢ» ደግሞ ትንሿ ጭረት ከቀኝ እግር ወገብ ወይም ጫፍ ላይ በመቀጠሏ። የ«በ» ግራ እግር ጫፍ በጭቃ ቢሸፈን «ባ» ይነበባል። በተቃራኒው ከ«ባ» አጭር እግር በታች የጨው ጠብታ በቀጥታ መስመር ላይ ቢውል፣ የቀጣይነት ደንብ እግሩን አርዝሞ «በ» ያደርገዋል። አናባቢው የሚወሰነው እንግዲህ በማቧደኑ ጊዜ ነው።

መዝገበ ቃላት ሁልጊዜ አያድንም፦ «በላ» እና «ባላ»፣ «በል» እና «ባል» ሁሉም ቃላት ናቸው። በስዊድን ሃልምስታድ ዩኒቨርሲቲ ለኢትዮጵያ ፊደል የተካሄደው ጥናት ፊደሉን እንደ መሠረታዊ ጭረቶችና እንደ አቀማመጣቸው ግንኙነት መመልከቱ በእኔ አስተያየት ትክክለኛ አቅጣጫ ነው፤ የፊደል ገበታን የቆጠረ ሕፃንም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። የእግር ርዝመት ሊለካ የሚገባው ከዚያው ፊደል ሌላ እግር ጋር ነው፤ ማሽኑም ዐረፍተ ነገሩ እስኪታይ ሁለቱንም ግምት ይያዝ። ለማሠልጠኛ የሚሆኑ ምስሎችን ስንመዘግብ «አጭር እግር» እና «የተሸፈነ እግር» በሚሉ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች መመዝገብ ይኖርብናል።