ከቢሊዮን ፎቶዎች መካከል አንዱን ማግኘት

ዛሬ ብዙ ሰው በኪሱ የሚይዘው የስልክ ካሜራ አንድ ፎቶ ሲያነሳ 12 ሚሊዮን ያህል የቀለም ነጥቦችን ይመዘግባል። እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃንን መጠን የሚገልጹ ሦስት ቁጥሮች አሉት። ስለዚህ ረከቦት ላይ የተደረደሩ ስኒዎችንና አንድ ጀበናን የሚያሳይ ፎቶ ለኮምፒውተር 36 ሚሊዮን ቁጥሮች ናቸው። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለን ያንኑ ረከቦት ደግመን ብናነሳው፣ ወይም ደመና ፀሐይዋን ቢጋርዳት፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቁጥሮች ይለወጣሉ። ለዓይናችን ግን ያው ረከቦት ነው። የምስል ፍለጋ ዋና ጣጣ እዚህ ላይ ነው፦ ቁጥሮቹ ሲለዋወጡ የማይለወጠውን ነገር በምን እንያዘው? ከያዝነውስ በኋላ ከቢሊዮን ፎቶዎች መካከል በሰከንድ ሽራፊ እንዴት እናውጣው?

ጎግል እ.ኤ.አ. በ2001 የምስል ፍለጋ አገልግሎቱን ሲጀምር ጥያቄውን በአመዛኙ ዘሎት ነበር። ፎቶውን ራሱን ከመመርመር ይልቅ የፋይሉን ስም፣ ከሥሩ የተጻፈውን መግለጫና በዙሪያው ያለውን ጽሑፍ ያነብ ነበር። በደንብ ለተገለጸ ፎቶ ዘዴው ጥሩ ነው። ምንም ያልተጻፈበት ፎቶ ግን ለፈላጊው እንደሌለ ይቆጠራል።

ፎቶውን ራሱን ማንበብ የጀመሩት ተመራማሪዎች ናቸው። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሎው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲፍት የተባለውን ዘዴ አቀረበ። ሲፍት ከፎቶው ላይ ጎላ ብለው የሚታዩ ትንንሽ ቦታዎችን ይለቅማል፦ በስኒው ላይ የተሣለችውን አበባ፣ የረከቦቱን ጥግ፣ የጀበናው እጀታ ከአንገቱ የሚገናኝበትን ቦታ። ከዚያም በየቦታው ዙሪያ ብርሃኑ ወዴት እንደሚደምቅና ወዴት እንደሚደበዝዝ በ128 ቁጥሮች ይመዘግባል። ፎቶው ቢዞር፣ ቢያንስ ወይም ቢተልቅ እነዚህ ቁጥሮች ብዙም አይናወጹም። ከአራት ዓመት በኋላ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ሲቪችና አንድሪው ዚሰርማን ተመሳሳይ ቦታዎችን በየቡድኑ ሰብስበው እያንዳንዱን ቡድን እንደ አንድ ቃል ቆጠሩት። ፎቶ የቃላት ስብስብ ከሆነ ደግሞ ጽሑፍ የሚፈለግበት ማውጫ ለፎቶም ይሠራል። ይህን ሐሳብ በጣም አደንቀዋለሁ፤ በጽሑፍ ፍለጋ ለዓመታት የተደከመበትን ዕውቀት በአንድ ጊዜ ለዓይን ሥራ አዋለው።

ዘዴው አንድን ሕንፃ ወይም አንድን የመጽሐፍ ሽፋን ዳግመኛ ለማግኘት ብርቱ ነው። ሁለት የተለያዩ ጀበናዎች ሁለቱም ጀበና መሆናቸውን ግን አያውቅም። ይህን ዕውቀት ያመጣው በብዙ ምሳሌዎች የሚሠለጥነው የነርቭ መረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዎቹ አሌክስ ክሪዠቭስኪ፣ ኢልያ ሱትስኬቨርና ጄፍሪ ሂንተን የሠሩት መረብ ኢሜጅኔት በተባለው የፎቶ ስብስብ በሚካሄድ የምስል መለየት ውድድር ላይ ስሕተቱን ወደ 15.3 በመቶ ሲያወርድ፣ ተከታዩ ተወዳዳሪ 26.2 በመቶ ላይ ቀርቷል። እንዲህ ያለ መረብ እያንዳንዱን ፎቶ በጥቂት መቶ ወይም ሺህ ቁጥሮች ያጠቃልለዋል፤ ይህ የቁጥር ረድፍ ቬክተር ይባላል። የሚመሳሰሉ ነገሮች ቬክተራቸውም ይቀራረባል። ስለዚህ ፎቶ መፈለግ ማለት የቅርብ ቬክተር መፈለግ ሆነ።

አሁን ወደ ፍጥነቱ እንምጣ፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 128 ቁጥሮች ብቻ ያሉት አነስተኛ ቬክተር እንኳ፣ እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ቢይዝ፣ 512 ባይት ይሆናል። የቢሊዮን ፎቶዎች ቬክተር 512 ጊጋባይት ነው። ፍለጋው እንዲፈጥን ይህን ሁሉ በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ላይ ማኖር ውድ ነው። በፈረንሳዩ የምርምር ተቋም በኢንሪያ ኤርቬ ዤጉ፣ ማቲስ ዱዝና ኮርዴሊያ ሽሚድ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት መፍትሔ የሚገርም ነው። ቬክተሩን እያንዳንዳቸው 16 ቁጥር ባላቸው 8 ክፍሎች ይከፍሉታል። ለእያንዳንዱ ክፍል አስቀድመው 256 ወኪል ናሙናዎች ያዘጋጃሉ። ከዚያ በኋላ የክፍሉ ቁጥሮች ይጣሉና በጣም የሚመስለው ወኪል መለያ ቁጥር ብቻ ይመዘገባል። ከ256 አንዱን ለመጥቀስ 1 ባይት ይበቃል። ስለዚህ ቬክተሩ በሙሉ በ8 ባይት ያልቃል፤ 512 ጊጋባይቱ 8 ጊጋባይት ሆኖ በአንድ ላፕቶፕ ሜሞሪ ልክ ይሆናል። የ8ቱ ክፍሎች ወኪሎች ሲቀናጁ ከ18 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ የተለያዩ ቬክተሮችን ስለሚገልጹ፣ የሚጠፋው ዝርዝር ከምንፈራው ያነሰ ነው።

መጠኑ ቢቀንስም ቢሊዮኑን ሁሉ ማነጻጸር ጊዜ ይፈጃል። እዚህ ላይ መርካቶን አስቡ። ነጠላ የሚፈልግ ሰው መርካቶን ሁሉ አያስስም፤ በቀጥታ ሸማ ተራ ይሄዳል። ቬክተሮችም እንደዚሁ በየተራቸው ይመደባሉ፤ ፈላጊው ለጥያቄው ቅርብ የሆኑትን ጥቂት ተራዎች ብቻ ያያል። ችግሩ ሁለት ተራዎች በሚዋሰኑበት ቦታ ያለ ዕቃ ነው፤ አንዱን ብቻ ያየ ያልፈዋል። ብዙ ተራ ባየን ቁጥር የምንስተው ይቀንሳል፣ ጊዜው ግን ይረዝማል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2017 በነጻ የለቀቀው ፋይስ የተባለ ሶፍትዌር ስንት ተራ ይታይ የሚለውን ውሳኔ ለተጠቃሚው ይተውለታል።

ውሳኔው እንደ ጉዳዩ ይለያያል። ጫማ ለሚሸምት ሰው ከቀረቡለት ፎቶዎች አብዛኞቹ ትክክል ከሆኑ በቂ ነው። የሌላ አገር የጦርነት ፎቶ የእኛ ነው ተብሎ በቴሌግራም ሲዘዋወር እውነቱን ለሚያጣራ ጋዜጠኛ ግን ዋናው ነገር የመጀመሪያው ቅጂ አለማምለጡ ነው። ለዚህ ሰው ሁለት ሰከንድ መጠበቅ ምንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በቶሮንቶ የተጀመረው ቲንአይ የተባለ የፎቶ ፍለጋ አገልግሎት ውጤቱን ከአሮጌው ጀምሮ መደርደር መቻሉ ለዚህ ሥራ በጣም ይጠቅማል።

ፍጥነት ግን ሥልጠናው ላይ የጎደለውን አይሞላም። የጎግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳሳዩት፣ አገራቸው ሊታወቅ ከቻለ የኢሜጅኔት ፎቶዎች 45 በመቶ ያህሉ የአሜሪካ ነበሩ፤ ቻይናና ሕንድ አንድ ላይ 3 በመቶ ገደማ ነበራቸው። በዚያው ጥናት ኦፕን ኢሜጅስ በተባለው ሌላ ስብስብ የሠለጠነ ሞዴል፣ ማለትም የነርቭ መረብ፣ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ሙሽሮችን ከኢትዮጵያና ከፓኪስታን ሙሽሮች በተሻለ እርግጠኝነት ለይቷል። የእኛን ሙሽራ ካባና አክሊል ሞዴሉ በበቂ ሁኔታ አላየውም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ኦፕንኤአይ ያወጣው ክሊፕ የተባለ ሞዴል ፎቶንና ቃልን በአንድ የቁጥር ዓለም ውስጥ አገናኘ። የተማረው ከኢንተርኔት ከተሰበሰቡ 400 ሚሊዮን የፎቶና የመግለጫ ጥንዶች ነው። ፎቶዎቹ ሲሰበሰቡ መነሻ የሆኑት በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ ደጋግመው የሚገኙ ቃላት ነበሩ። እንዲህ ላለ ሞዴል መምህሩ መግለጫው ነው፤ ጀበናን የሻይ ማንቆርቆሪያ ከሚል መግለጫ የተማረ ሞዴል ጀበናን ስንጠይቀው የሻይ ማንቆርቆሪያ ያመጣል።

ስለዚህ ፎቶ የምታነሱ፣ ቤተ መዘክርና ቤተ መጻሕፍት የምታስተዳድሩ፣ የሠርግና የበዓል ፎቶ በኢንተርኔት የምታኖሩ ሁሉ፦ ፎቶው ላይ ያለውን በአማርኛ ስሙ ጻፉት። ረከቦቱን ረከቦት፣ መሶቡን መሶብ፣ አገልግሉን አገልግል በሉት፤ ቦታውንና ዓመቱን ጨምሩበት። የነገዎቹ ሞዴሎች የሚማሩት እናንተ ዛሬ ከጻፋችሁት ነው።