ስክሪኑ ሲጠቁር፦ «ፎርማት ይደረግ» ከማለት በፊት



ሰሞኑን ከዙህር ሶላት ስንወጣ ከጋይንት የመጣ አንድ ወንድማችን ስልኩን እንደያዘ አስቆመን። ታላቅ ወንድሙ በታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ የሚሠራባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ኮምፒውተሩ ደህና እየሠራ ሳለ ስክሪኑ በድንገት ድርግም ይላል። አንዳንዴ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱ ይመለሳል፤ አንዳንዴ ግን አጥፍቶ እስኪያበራው ድረስ አይመለስም። ያየለት ባለሙያ «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶው ይቀየር» ብሎታል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን የሁለት ዓመት የደንበኛ ሥራ አለ፤ ማመልከቻው፣ የኪራይ ውሉ፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ የለም። «ላስደርገው ወይስ ይቅር?» ነበር ጥያቄው።

ለጊዜው ማንም እንዳይነካው ነገርነውና በስልክና በቴሌግራም ቪዲዮ እየተያየን ምክንያቱን መፈለግ ጀመርን። እዚህም በየቤቱና በየላቦራቶሪው ተመሳሳይ ችግር ስለምናይ፣ የሄድንበትን መንገድ ለእናንተም ማካፈል ፈለግን።

መጀመሪያ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የጠፋው ምስሉ ነው ወይስ ማሽኑ? ከፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ሁለቱም ያው ጥቁር ናቸው። ለመለየት ግን ብር አያስወጣም። ስክሪኑ በጠቆረበት ቅጽበት ኪቦርዱ ላይ ያለውን «ካፕስ ሎክ» ተጫኑ። መብራቷ በተጫናችሁ ቁጥር የምትበራና የምትጠፋ ከሆነ ማሽኑ እየሠራ ነው። ሙሐደራ ከፍታችሁ ከነበረም ድምፁ መቀጠሉን አድምጡ። የአርብ ገበያው ወንድማችን ሲሞክረው፣ ስክሪኑ ራሱ በሚመለስባቸው ጊዜያት መብራቷ ታዘዘችለት። በማይመለስባቸው ጊዜያት ግን ብትጫንም ዝም አለች። ይህን ልዩነት ልብ በሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ማሽኑ እየሠራ ምስሉ ብቻ ከጠፋ፣ መጀመሪያ የሚታየው ገመዱ ነው። በአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ሰማያዊ ጫፍ ያለው ቪጂኤ ገመድ ግራና ቀኝ ሁለት ብሎን አለው። ብሎኖቹን የሚያጠብቅ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ገመዱ ይላላል። ነቅላችሁ የውስጡን እሾሆች እዩ፤ የተጣመመ ካለ ችግሩ እሱ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። ለ15 እሾህ የተሠራው ጫፍ ላይ ከመካከለኛው ረድፍ አንዱ ጎድሎ ቢገኝ ብዙ ጊዜ አልተሰበረም፤ ዘጠነኛው እሾህ ሲሠራም ይተዋል። ሞኒተሩ «ኖ ሲግናል» ብሎ ከጻፈ ደግሞ ሞኒተሩ ራሱ ደህና ነው፤ ምስል አልደረሰኝም ማለቱ ነው።

ገመዱ ጥብቅ ሆኖ፣ ስክሪኑ ሲበራ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ምስል አሳይቶ የሚጠቁር ከሆነ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ከጎን አስጠግታችሁ እዩት። በጨለማው ውስጥ ደብዛዛ ምስል ከታያችሁ፣ የሞተው ከስክሪኑ ጀርባ ያለው መብራት ነው። ይህ የሞኒተር ጥገና ነው፤ ከፋይሎቻችሁ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሁልጊዜ ሳትነኩት በቆያችሁበት እኩል ደቂቃ ላይ የሚጠቁር ከሆነ ደግሞ ብልሽት ሳይሆን የኃይል ቁጠባ ቅንብር ነው፤ ማውዙን ስታነቃንቁት ይመለሳል።

የምስል ድራይቨሩ ተሰናክሎም ሊሆን ይችላል። በዊንዶውስ 10ና 11 ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና «ቢ»ን አንድ ላይ ተጫኑ። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ድራይቨሩ እንደገና ይነሳል፤ የከፈታችሁት ጽሑፍም አይዘጋም።

ፎርማት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ለሚለው ግን ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ባዮስ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ «ኤፍ 2»ን ወይም «ዲሊት»ን ደጋግማችሁ ብትጫኑ (እንደ ማሽኑ ይለያያል) ዊንዶውስ ሳይጀምር የሚከፈት ገጽ አለ። ምንም ሳትቀይሩ እዚያው ላይ ተዉትና ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። እዚያም ከጠቆረ ዊንዶውስ ገና አልተነሳምና ጥፋቱ የእሱ ሊሆን አይችልም፤ ቫይረስም፣ ፎርማትም፣ አዲስ ዊንዶውም ከወሬው ይወጣሉ። የአርብ ገበያው ኮምፒውተር ባዮስ ላይ እንዳለ ሁለቴ ጠቆረ። እኛም እፎይ አልን።

ማሽኑ ራሱ የሚሞት ከሆነ የሚጠረጠሩት ሙቀት፣ ራም እና ኃይል ናቸው። ሁላችንም በስህተት «ሲፒዩ» የምንለውን ሳጥን ከሶኬት ነቅላችሁ ክፈቱት። የበጋ አቧራ ፋኑን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖት ብታገኙት አይግረማችሁ፤ ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን ይጠፋል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፤ በአፋችሁ አትንፉበት፣ እርጥበት አለው። የሳጥኑን ብረት ነክታችሁ ራሙን ንቀሉ፤ ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ በቀስታ አጽዱና «ቀጭ» እስኪል መልሳችሁ ሰኩት። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ በርሜል የሚመስሉ ካፓሲተሮችም ተመልከቱ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ካበጠ ወይም ካፈሰሰ ችግሩ እዚያ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ግን አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኃይል ሊኖር ይችላልና ለሚያውቅ ተዉት።

ይህን ሁሉ አሳየን፤ ሳጥኑ ንጹሕ ነው፣ ራሙም ተጸድቷል፣ ገመዱም ጠብቋል። መጥቆሩ ግን አልቀረም። ያኔ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጥና በጠቆረ ቁጥር ሰዓቱን፣ በዚያች ቅጽበትም ሱቁ ውስጥ ምን እየተሠራ እንደነበር እንዲጽፍ ለመንነው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ላከልን። ከሰዓቱ አጠገብ በየመስመሩ ያለው ቃል አንድ ነው፦ «ኮፒ»፣ «ኮፒ»፣ «ኮፒ»።

ነገሩ ገባን። ፎቶ ኮፒ ማሽን ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው በሚግል ሮለር አቅልጦ ነው። ሮለሩ መጋል ሲጀምር የሚስበው ኃይል ባንዴ ይዘላል። ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተሩም፣ ሞኒተሩም፣ ኮፒ ማሽኑም የተሰኩት በአንዲት ቀጭን ማከፋፈያ ላይ ነው። 220 ቮልት መሆን ያለበት መብራት በዚያች ቅጽበት ይወርዳል፤ ያረጀው ሞኒተር ቀድሞ ይሸነፋል፣ ወዲያው ቮልቴጁ ሲመለስ እሱም ይመለሳል። መውረዱ ሲበረታ ግን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሰናከላል። ካፕስ ሎክ አንዴ ታዝዛ አንዴ ዝም የምትለው ለዚህ ነበር። በቤታችሁ እናታችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲያበሩ አምፖሉ ሲደበዝዝ ያያችሁት ይኸው ነው።

ኮፒ ማሽኑን አንድ ቀን ሙሉ ሳያበራ ዋለ። ስክሪኑ አንዴም አልጠቆረም።

ስለ መከላከያዎቹ አንድ ነገር እንበል፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። ስታቢላይዘር የወረደን ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆይም። ዩፒኤስ ባትሪ አለውና ጽሑፋችሁን አስቀምጣችሁ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። ዩፒኤስ ላይ ኮፒ ማሽን ወይም ሌዘር ፕሪንተር አትሰኩ፤ ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል።

ችግሩ ምንም ይሁን ምን፣ ከጥገና በፊት ፋይሉን ማውጣት ይቀድማል። ምስሉ ብቻ ከጠፋ ሌላ ሞኒተር ወይም በኤችዲኤምአይ ቴሌቪዥን ሰክታችሁ ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ማሽኑ ጨርሶ ከሞተም ሀርድ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማንበብ ይቻላል። መመረቂያ የምትጽፉ ደግሞ ቅጂውን ዛሬውኑ ወደ ኢሜላችሁ ላኩት፤ ይህን ገጽ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ብትልኩትም አንቀየምም።

የአርብ ገበያው ወንድማችን ሥራውን ሁሉ በሁለት ፍላሽ ገለበጠ። ኮፒ ማሽኑን ከዋናው መስመር በወፍራም ሽቦ ለብቻው ወደተዘረጋለት ሌላ ሶኬት አዛወረው። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ የጠቆረው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም መብራት ጠፍቶ።