ድምፁ እስኪጠፋ ማዳመጥ

መምህሯ ደወሉን አንዴ ትመታና ዝም ትላለች። የሕፃናቱ ሥራ አንድ ነው፤ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ጨርሶ ሲጠፋባቸው እጅ ማውጣት። አንዱ ቸኩሎ ያወጣል፣ ሌላዋ ድምፁ ካለቀም በኋላ ጆሮዋን አቁማ ትቆያለች። ጠቅላላው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በብዙ አገሮች «የአስተውሎት ትምህርት» ተብሎ ለታናናሽ ልጆች የሚሰጠው በአመዛኙ ይህን የመሰለ ነው፤ ማዳመጥ፣ በጀርባ ተጋድሞ ሆድ ላይ የተቀመጠች መጫወቻ ከትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ስትል ማየት፣ ከመማታት በፊት «ተናድጃለሁ» ማለት መቻል።

መነሻው የቡድሂስቶች ተመስጦ ነው። አሜሪካዊው ጆን ካባት ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከሃይማኖቱ ለይተው፣ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው አዋቂዎች ሥልጠና አደረጉት። ወደ ሕፃናት ክፍል የገባው ከዚያ ወዲህ ነው።

ነገሩን ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ለአሶሳ ሳስበው የሚያጓጓኝ በቋንቋ ምክንያት ነው። በአንድ ክፍል በርታኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪ ሕፃናት ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ግማሹን የመምህሩን ንግግር ሳይሰማ ሊውል ይችላል። የሚሳሳ ድምፅ መከተል ግን ቋንቋ አይጠይቅም። መግቢያ በርም አለው። በክልሉ በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በዩኒሴፍ ድጋፍ የተሞከረው የተፋጠነ የትምህርት ዝግጁነት መርሐ ግብር፣ መዋለ ሕፃናት ያላዩ ልጆችን በክረምቱ ሁለት ወር፣ በ150 ሰዓት ለአንደኛ ክፍል የሚያሰናዳ ነበር። ፊደልና ቁጥር ለመልመድ ተራ መጠበቅና ሰምቶ መከተል ይቀድማልና፣ ለማዳመጥ ልምምድ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይታየኝም።

ለአካባቢው ወላጅም ልጅን አስቀምጦ ልቡን ማሰብሰብ እንግዳ አይደለም። በኸልዋ (በቁርኣን ትምህርት ቤት) ልጁ የቁርኣኑን አንቀጽ በእንጨት ሰሌዳው ላይ ጽፎ እየደጋገመ ይቀራል፤ ሲሸመድደው ሰሌዳውን አጥቦ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። እዚያ ልብ የሚያርፈው በቃሉ ላይ ነው። የአስተውሎት ልምምድ የሚሸመደድ ነገር የለውም፣ ኸልዋንም አይተካም። «ይህ የማን ሃይማኖት ነው?» የሚል ወላጅ ቢመጣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ክፍሉ ገብቶ እንዲያይ መጋበዝ ከረጅም ማብራሪያ ይሻላል።

ዓይን ማስጨፈን ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በክልሉ ያሉት የሸርቆሌ መጠለያ ከ1997፣ የባምባሲ መጠለያ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሱዳን ስደተኞችን አስጠልለዋል፤ በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳም ብዙ ቤተሰብ በድንበሯ ኩርሙክ በኩል ገባ። ከክልሉ የካማሺና የመተከል ዞኖች ግጭት የሸሹ ልጆችም አሉ። እንዲህ ላለ ልጅ ዓይን ጨፍኖ ጸጥ ማለት ዕረፍት ላይሆን ይችላል፤ ጸጥታው የሸሸውን ይዞበት ሊመጣ ይችላል። ዓይን ክፍት ይሁን፣ እግር መሬት ይርገጥ፣ የማይፈልግ ልጅም ዝም ብሎ ይይ። ቁርስ ያልቀመሰ ልጅ ትንፋሹን እንዲከታተል መጠየቅ ደግሞ ቀልድ ነው፤ የትምህርት ቤት ምገባ ይቅደም።

ማስረጃውስ? በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ68 መዋዕለ ሕፃናት ተማሪዎች ላይ አድርገው በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የ12 ሳምንት የአስተውሎትና የደግነት ትምህርት የተማሩት በማኅበራዊ ጠባያቸው ከሌሎቹ በልጠው ታይተዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው። በብሪታንያ ከ8,000 በላይ ታዳጊዎችን ያሳተፈውና በ2022 የወጣው ትልቅ ጥናት ግን ከተለመደው የትምህርት ቤት ድጋፍ የተሻለ የአእምሮ ጤና ውጤት አላገኘም። ስለዚህ እንደ መድኃኒት ማስተዋወቁን አልደግፍም። ከዕረፍት መልስ፣ ሕፃናቱ አቧራ ለብሰው እያለከለኩ ሲገቡ፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይሞከር፤ መምህሩም አብሮ ያዳምጥ። ክፍሉ በረበሸ ቁጥር ዝም ማሰኛ ከሆነ ግን ልጆቹ ቅጣት መሆኑን ወዲያው ያውቁበታል።