ስለ ሚኒባስ የቤንዚን ጎማ

በባሕር ዳር መናኸሪያ ተራውን የሚጠብቅ መንገደኛ የአንዱን ሚኒባስ የወንበር ልብስ፣ የሌላውን የቴፕ ድምፅ፣ የሦስተኛውን የጎማ አዲስነት ሲያወድስ ይሰማል፤ ነገር ግን ከፊት ወንበር በታች ተጋድማ ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የምታደርሰውን፣ ርዝመቷ ከአንድ ክንድ የማይበልጠውን ጥቁር ቱቦ ስሟን የሚያነሣ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። መካኒኮች በአጭሩ የቤንዚን ጎማ ይሏታል። ዋጋዋ እጅግ የረከሰ፣ አገልግሎቷ ግን የተሳፋሪውን ሁሉ ነፍስ የያዘ ሆኖ ሳለ፣ ከክብሯ ተዋርዳ የምትኖር ፍጥረት ናት ብዬ ስለማምን ከአንባቢ ጋር ላስተዋውቃት ወደድሁ።

የአሠራሩ ነገር ረጅም ሐተታ አይሻም። ዶልፊንና አባዱላ እያልን የምንጠራው የቶዮታ ሃይኤስ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በጃፓን መሠራት ከጀመረበት አንሥቶ በ2019 አዲሱ ትውልድ እስኪወጣ ድረስ፣ ሞተሩ ከሾፌሩና ከጋቢናው ወንበር ሥር የተቀመጠ ነው፤ የነዳጁ ሰልባትዮ ከወለሉ በታች ይንጠለጠላል፤ በሁለቱ መካከል የብረት ቧንቧ ሻንሲውን ተከትሎ ይሄዳል። ሻንሲው ጸንቶ የቆመ፣ ሞተሩ ደግሞ ዘወትር የሚንቀጠቀጥ ስለ ሆነ፣ ብረት ከብረት ቢያያዝ መሰበሩ አይቀርምና፣ የጸናውን ከሚናወጠው ጋር የምታስታርቅ ልዝብ ጎማ በመካከል አስፈለገች። ናፍጣ የሚጠጡት ሚኒባሶችም እንዲህ ያለች ጎማ አለቻቸው፤ ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ እሳት የሚይዝ ተን ስለማይሰጥ፣ የእኔ ጉዳይ ከቤንዚኑ ጋር ነው።

ይህች ጎማ መኪናው ቢሄድም ቢቆምም ታረጃለች፤ ከውስጥ ቤንዚኑ፣ ከውጭ የሞተሩ ትኩሳት ይበሏታልና። እርጅናዋም የሚጀምረው ከጫፏ፣ ፋሸታው ጠብቆ ከያዛት ስፍራ ነው። መካከሏን ጨበጥ አድርጎ «ደህና ናት» የሚል ሾፌር ስለዚህ ምንም አልመረመረም። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ጫፏን በሁለት ጣት ይዘው ጎንበስ ቢያደርጓት፣ ቀጥ ብላ ሳለች የማይታየው ስንጥቅ አፉን ይከፍታል፤ በስንጥቁም ውስጥ ነጣ ያለ የክር ጥልፍ ብቅ ካለ ጎማዋ ዕድሜዋን ጨርሳለች። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ሲጀመር፣ ለዚያ ያልተሠሩ አሮጌ ጎማዎች ሌላ ጠላት ተጨመረባቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ስለ ከለከለ፣ በእጃችን ያሉት መኪኖች ከነጎማቸው አብረውን የሚያረጁ ናቸው።

በአንድ የከተማችን ጋራዥ በር ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ወጣቱ መካኒክ ያረጀችውን ጎማ አውልቆ በስፍራዋ የአትክልት ማጠጫ የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቆርጦ ሲሰካ፣ በፋሸታም ፈንታ በሽቦ ሲጠመዝዝ አየሁና፣ «ልጄ፣ ይህ ለውሃ የተሠራ አይደለምን?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ይሄማ ይሻላል፤ ቤንዚኑ ሲያልፍ ይታይዎታል» አለኝ። በእውነት ይታያል። ነገር ግን ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ቅመም በቤንዚን እየታጠበ ይወጣና፣ ቱቦው ጥቂት ቆይቶ ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፤ ሽቦውም አንዱን ጎን ብቻ ቆርጦ ይይዛልና አንድ ቀን በመንገድ ላይ ከነጫፉ ሾልኮ ይወጣል። ካርቡራተር ባላቸው መኪኖች የቤንዚኑ ግፊት ከ0.3 ባር ብዙ ስለማያልፍ የሚታየው ጠብታ ነው፤ በኢንጀክሽን በሚሠሩት ግን ግፊቱ 3 ባር ያህል ስለሚደርስ ከስንጥቁ የሚወጣው በሞተሩ ላይ የሚረጭ ነው። ለእነዚህ ኤስኤኢ ጄ30 አር9 የሚል ጽሑፍ በገላው ላይ የታተመበት ጎማ አለ፤ ሲገዙ ጽሑፉን ማንበብ ምን ያደክማል?

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የሚያስቆጣኝ «ሽታ ብቻ ነው» የሚለው ንግግር ነው። ሊቃውንታችን ፍጥረትን ግዙፍና ረቂቅ ብለው ለይተው አስተምረውናል፤ በቤንዚን ዘንድ አቃጣዩ ረቂቁ ነው። ፈሳሹ በራሱ አይነድም፤ የሚነደው ከፈሳሹ ተለይቶ ከአየር ጋር የተደባለቀው ተን ነው፤ ቤንዚንም ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ብርድ ስንኳ እሳት ለመያዝ የሚበቃ ተን የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችውና ፀሐይዋ በማትራራላት ባሕር ዳር ምን ያህል እንደሚሰጥ አንባቢ ይፍረድ። ተኑ ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንም፤ ጧት በጣና ላይ እንደሚተኛ ጉም ወለሉን ይዞ ይተኛል። ከአየሩ ከመቶ 1.4 እጅ ያህል ሲሆን እሳት መያዝ ይጀምራል። አንድ የሻይ ብርጭቆ ቤንዚን ሁሉም ቢተን ከ15 ሊትር የማያንስ ተን ይወጣዋል፤ ይህም ከአንድ ሜትር ኩብ የሚበልጥ አየር ተቀጣጣይ ሊያደርግ የሚበቃ ሲሆን፣ ከፊት ወንበሮች ሥር ያለውን ባዶ ስፍራ ሞልቶ ይተርፋል። ይህ ሁሉ ሲሆን በመሬት ላይ አንዲት ጠብታ ላትታይ ትችላለች፤ የፈሰሰው በትኩሱ ሞተር ላይ ወዲያው ተንኗልና።

ሽታውስ? ሽታው እግዚአብሔር በቸርነቱ የሰጠን አዋጅ ነጋሪ ነው። የሰው አፍንጫ ቤንዚንን የሚለየው ከሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ብቻ ሲሆን ነው፤ እሳት የሚይዘው ግን 14,000 እጅ ሲደርስ ስለ ሆነ፣ አደጋው ገና ሩቅ ሳለ ይነገረናል ማለት ነው። ነገር ግን አፍንጫ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚለምድ ሕዋስ ነው፤ ለምዶም ይደነዝዛል። ስለዚህ ከማለዳ ጀምሮ በመኪናው ውስጥ የዋለው ሾፌርና ረዳቱ የዚህ ነገር መጥፎ ምስክሮች ሲሆኑ፣ ታማኙ ምስክር ከውጭ ንጹሕ አየር ስቦ አሁን የገባው ተሳፋሪ ነው። አንዲት ባልቴት በጋቢናው በር ሲገቡ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው «ልጄ፣ ቤንዚን ቤንዚን ይለኛል» ቢሉት፣ ሾፌሩ «እማማ፣ ሽታ ብቻ ነው፤ ስንነሣ ነፋስ ይወስደዋል» ሲላቸው ሰምቻለሁ። ሊቅ ሳይሆን እውነቱን ተናገረ፤ መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ተኑን ይጠርገዋል። ነገር ግን ሚኒባሳችን ሞልቶ እስኪነሣ ድረስ በመናኸሪያ ብዙ የሚቆም ሲሆን፣ ተኑ የሚጠራቀመው በዚያ ጊዜ ነው፤ ሁሉም ተሳፍሮ በሩ ሲዘጋ ሾፌሩ ቁልፉን ያዞራል፤ በሞተሪኖው ውስጥ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ያረጀ የካንዴላ ሽቦም ካለ ከእርሱ ይዘላል። ሞተር እምቢ ሲል ደግሞ ቁልፉን መላልሶ ማዞር ልማዳችን ነው፤ እምቢ ያለበት ምክንያት ቤንዚኑ በውጭ እየፈሰሰ ወደ ሞተሩ ስላልደረሰ ከሆነ፣ ይህ መላልሶ ክብሪት ከመጫር አይለይም።

የጀሪካን ነገርም ከዚሁ ከተኑ ጋር የተያያዘ ነው። በከተማችን የቤንዚን እጥረት በሚጸናበት ጊዜ ሰልፉ ስለሚረዝምበት፣ ሾፌሩ ከመንገድ ዳር ነጋዴ በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ እየገዛ ከኋላ ወንበር ሥር ይሸጉጣል። የጎንደሩን አስፋልት ትቶ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ በሚታጠፈው ፒስታ መንገድ ደግሞ፣ ፈውስ የሚሹት ምእመናን ውሃ ቀድተው የሚመለሱበትን ቢጫ ጀሪካን ይዘው ይሳፈራሉ፤ የቤንዚኑም ጀሪካን ቢጫ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲንገላቱ አይቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። በብርድ ተሞልቶ እስከ አፉ የተከደነ ጀሪካን ቀትር ሲሆን ያብጣል፣ በክዳኑም ያልባል። ከጀሪካን በአፍ ስቦ መቅዳትም ይቅር፤ ወደ ሳንባ የወረደ ጥቂት ቤንዚን ሰው ይገድላል። በጣና ወደ ዘጌ በሚሻገሩት ጀልባዎች ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ቤንዚን ከዚህም ይብሳል፤ ጀልባ ውሃ እንዳያስገባ የተሠራ ነውና ተኑም መውጫ የለው።

በሰልባትዮ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ሲወጣ ሾፌሮቻችን ሳሙና ይለስኑበታል። ይህን አልነቅፍም፤ ሳሙና በውሃ እንጂ በቤንዚን ስለማይሟሟ እስከ ቅርቡ ጋራዥ ያደርሳል፤ ጎማዋን ግን በሳሙና መለሰን ከንቱ ድካም ነው፤ እርሷ ትለወጥ እንጂ።

ሽታው በጉዞ ላይ ቢመጣ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት፣ ሰውን ሁሉ አውርዶ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ማቆም፣ ቁልፉንም እንደገና አለመንካት ይገባል። እሳት ከተነሣ የወንበሩን ክዳን ብድግ አድርጎ ማየት አየር መስጠት ስለ ሆነ አይደረግም፤ በጠባቡ ክፍተት የእሳት ማጥፊያውን ዱቄት መንፋት ነው፤ ውሃ ቤንዚኑን ተንሳፍፎ እንዲሄድ ከማድረግ በቀር አይረዳም። ማጥፊያውን ግን አብዛኛውን ጊዜ የማየው ከመጨረሻው ወንበር ሥር፣ ከትርፍ ጎማና ከተሳፋሪው ጓዝ በታች ተቀብሮ፣ መርፌውም ቀዩ ላይ ወድቆ ነው፤ ስፍራው ሾፌሩ ወርዶ ቆሞ እጁን ሲዘረጋ በሚደርስበት በበሩ አጠገብ መሆን ነበረበት።