ለልጃቸው እናት፤ ለብዙዎች ሐኪም
የዶክተር ሎርና ዊንግ የሕይወት ታሪክ

እናት ለልጇ የምትደክመው ድካም በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ስለ አንዲት ልጇ የጀመረችውን ድካም ለማታውቃቸው ሰዎች ልጆች ጭምር እንዲተርፍ ያደረገች፤ በእናቶችም ላይ የተጫነውን የሐሰት ወቀሳ በዕውቀት ያቃለለች እናት ብዙ ጊዜ አትገኝም። እንግሊዛዊቱ የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ሎርና ዊንግ ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዲቱ ስለ ሆኑ፤ ታሪካቸውን በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ዶክተር ሎርና በ1928 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኬንት አውራጃ ጊሊንግሃም በምትባል ከተማ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በሎንዶን ሕክምና ሲማሩ ከትምህርት ጓደኛቸው ከጆን ዊንግ ጋር ተዋውቀው በኋላ ተጋቡ፤ ሁለቱም የአእምሮን ሕክምና ሥራቸው አድርገው ያዙ። በ1956 ዓ.ም. ሱዚ የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ።

ሱዚ ገና ሕፃን ሳለች እናትና ልጅ በባቡር ሲሄዱ፤ እኩያዋን ወንድ ልጅ የታቀፈች ሌላ እናት ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ነበር። ያ ሕፃን በመስኮት በኩል በጎችና ላሞች ባየ ቍጥር በጣቱ ያመለክትና፤ እናቱም አይታ እንደ ሆነ ፊቷን ይመለከታል። ሱዚ ግን እንዲህ አድርጋ አታውቅም ነበርና የእናቲቱ ልብ ደነገጠ። ይሁን እንጂ የነገሩ ስም የታወቀው ልጅቱ ሦስት ዓመት ያህል ሲሆናት ነው። አባቷ ሚልድረድ ክሪክ የተባሉት ሐኪም ስለ ኦቲዝም ሲያስተምሩ ቢሰሙ፤ የሚነገረው ሁሉ የገዛ ልጃቸው ጠባይ ሆኖ አገኙት። ባልና ሚስት ሁለቱም ሐኪሞች ሳሉ ቀድመው አለማወቃቸው፤ በዚያ ዘመን ነገሩ በሕክምና ትምህርት ቤት እምብዛም ስለማይነገር ነበር።

ኦቲዝም ከሕፃንነት የሚጀምር የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። ልጁ ከሰው ጋር መግባባት ይቸግረዋል፤ ንግግሩ ይዘገያል ወይም ከሌሎች ልጆች ንግግር ይለያል፤ አንዱን ነገር እየደጋገመ ማድረግም ይወዳል። ይህን በ1943 ዓ.ም. በአሜሪካ ዶክተር ሊዮ ካነር ዐሥራ አንድ ልጆችን መርምረው ጻፉት። ብዙዎች ሐኪሞች ግን ምክንያቱ እናቶች ለልጆቻቸው ፍቅር ስለ ነሷቸው ነው ይሉ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ብሩኖ ቤተልሃይም በአሜሪካ ይህንኑ አሳብ የሚያጸና መጽሐፍ አወጡ። እንግዲህ ልጇን ስታስታምም የምታድር እናት በኀዘኗ ላይ የበደለኛነት ሸክም ተጨመረባት።

ዶክተር ሎርና ለዚህ ፍርድ መልስ የሰጡት በሥራ ነው። በ1962 ዓ.ም. ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው በሎንዶን ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩም በ1965 ዓ.ም. ሲቢል ኤልጋር በተባሉት መምህርት መሪነት ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ «ሊማሩ አይችሉም» ተብለው ከትምህርት ቤት ውጭ ይቀሩ ነበር፤ ይህን ያስቀረው ሕግ የወጣው በ1970 ዓ.ም. ነው። በሚከተለውም ዓመት ዶክተር ሎርና ለወላጆች መምሪያ የሚሆን መጽሐፍ አሳተሙ።

ምክንያቱም በምርመራ እየተገለጠ ሄደ። በ1977 ዓ.ም. ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር መንትዮችን መርምረው፤ ኦቲዝም በዘር የሚተላለፍ ነገር እንዳለበት አስረዱ። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ዶክተር ሎርና ከጁዲት ጉልድ ጋር በደቡብ ሎንዶን በካምበርዌል ሰፈር ያደረጉትን ምርመራ አወጡ። በሰፈሩ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ 35,000 ያህል ልጆች ይኖሩ ነበር። ቀድሞ ከ10,000 ልጆች አራት ወይም አምስት ብቻ ናቸው ሲባል፤ እነርሱ ግን ይህ ችግር በልዩ ልዩ መልክ የሚታይባቸው ሃያ ያህል መሆናቸውን አገኙ። ስለዚህ ኦቲዝም እንደ ቀስተ ደመና ቀለማት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍ ብዙ መልክ ያለው መሆኑን አስተማሩ። በ1981 ዓ.ም. የጻፉትም ጽሑፍ፤ ንግግር ሳያንሳቸው ከሰው ጋር መግባባት የሚቸግራቸውን ልጆች ሐኪሞች ለይተው እንዲያውቁ አደረገ። በ2013 ዓ.ም. የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መምሪያ እነዚህን መልኮች ሁሉ በአንድ ስም ጠቀለላቸው።

ከጁዲት ጉልድ ጋር ሆነው በ1991 ዓ.ም. የከፈቱት የምርመራ ማዕከል በኋላ በስማቸው ተጠርቷል። አሠራራቸውም የእናትነታቸው ፍሬ ነበር፤ ልጁን ከመመልከት ጋር ወላጆቹን ከልደቱ ጀምሮ ያዩትን ሁሉ በዝርዝር ይጠይቁ ነበር። ወላጅ ቀድሞ እንደ ተከሳሽ ሲታይ፤ በእርሳቸው ዘንድ ግን ምስክርና አስተማሪ ሆነ።

ሱዚ በ2005 ዓ.ም. በ49 ዓመቷ ዐረፈች፤ ባላቸው በ2010 ዓ.ም. ሞቱ፤ ዶክተር ሎርናም በ2014 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

በሎንዶን እናቶችን ያሳዘነው ወቀሳ በአገራችን ደግሞ በሌላ መልክ፤ መርገም ነው፤ የኀጢአት ቅጣት ነው በሚል አነጋገር ብዙ ልጆችን በጓዳ አስቀርቷል። ይህን ለመቃወም የተነሡት ወይዘሮ ዘሚ የኑስም እንደ ዶክተር ሎርና ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። ከአሜሪካ ተመልሰው በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኒያ ፋውንዴሽን የተባለውን ድርጅት መሥርተው፤ ጆይ በተባለው ማዕከል ልጆቹ እንዲማሩ አደረጉ፤ በ2021 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ስለነዚህ ልጆች ሲደክሙ ኖሩ።

ስለዚህ በዘመድም ሆነ በጎረቤት ቤት ስሙን ሲጠሩት የማይመለከት፤ ንግግሩም የዘገየ ሕፃን ብናይ፤ እናቱን «ምን አጠፋሽ?» ማለት አይገባንም። «ምን አየሽ?» ብለን ጠይቀን፤ ወደ ሐኪም የምትደርስበትን መንገድ እናሳያት። ትምህርት ቤት የመክፈትና ሕግ የማውጣት ሥልጣን ያላቸውም፤ የልጅ ዕድል እናቱ ለብቻዋ በምትሸከመው ድካም ብቻ እንዳይወሰን ቢያስቡ፤ ለዶክተር ሎርናና ለወይዘሮ ዘሚ ከሁሉ የሚበልጥ መታሰቢያ ያቆሙላቸዋል።