ፍቅፋቂ፣ ብናኝ፣ ቆሻሻ፦ ስለ መስኮት ፕሮፋይል ሽንቁር አወጣጥ ቃላት

የአሉሚኒየምና የፒ.ቪ.ሲ. መስኮት መሥሪያ ማሽን መመሪያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ፣ ማሽኑ ከፕሮፋይሉ ላይ ቆርጦ የሚያወጣውን ነገር «ቆሻሻ»፣ ድርጊቱንም «ማጽዳት» ለማለት ይቀናዋል። ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን አይወጣለትም። ይሁን እንጂ አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ «ቆሻሻውን አጽዳ» ሲባል የሚረዳው ሥራው ካለቀ በኋላ መጥረጊያ አንሥቶ ወለሉን መጥረግን ነው። መመሪያው የሚያዘው ግን ምላጩ ገና በሽንቁሩ ውስጥ እየዞረ ሳለ ሊፈጸም የሚገባውን ተግባር ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት ምላጭ ይሰበራል፤ ፕሮፋይልም ይበላሻል።

ቃሉን ለመምረጥ ሥራውን ማወቅ ያሻል። የመስኮት ፕሮፋይል ውስጡ ክፍት ሆኖ በስስ ግድግዳዎች የተከፋፈለ ነው። የውሃ ማውረጃው ሽንቁር ብዙውን ጊዜ 5 ሚሊሜትር ያህል ወርድና ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር ርዝመት ይኖረዋል። በዚህ ጠባብ ስፍራ በደቂቃ 10,000 ጊዜና ከዚያም በላይ የሚሽከረከር ምላጭ የቆረጠውን ካላስወጣ መልሶ ይቆርጠዋል። ለመስኮት በብዛት የሚውለው 6063 የተባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ለስላሳ በመሆኑ፣ ሲሞቅ በስለቱ ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ምላጩ መቁረጡን ትቶ ያሻሻል። ባለ አንድ ስለት ምላጭ የሚመረጠውም ለተቆረጠው ነገር መውጫ የሚሆን ሰፊ ቦይ ስላለው ነው። ጠመዝማዛው ወደ ላይ የሚስብ ከሆነ የተቆረጠው ወደ ሠራተኛው በኩል ይወጣል። ወደ ታች የሚገፋ ከሆነ ግን በፕሮፋይሉ ሆድ ውስጥ ይቀርና ውሎ አድሮ ያንኑ የውሃ መውረጃ ይደፍናል። ለአሉሚኒየም የታመቀ አየር ከጥቂት የቅባት ርጭት ጋር ይረዳል፤ በኤሌክትሪክ ሙል ከየቦታው ለሚለጠፈው ፒ.ቪ.ሲ. ግን በመምጠጫ መሳብ ይሻላል።

ይህ ተቆርጦ የሚወጣው ነገር ምን ይባል? አማርኛ ለቅሪት ስም መፍጠሪያ የታወቀ ቅርጽ አለው፤ ይኸውም ሰበረ፣ ጠረገ፣ ተረፈ ካሉት ግሦች ስባሪ፣ ጥራጊ፣ ትራፊ የሚገኙበት ነው። የግሡ መጨረሻ ጠ ወይም ደ ሲሆን ድምፁ ይለወጥና ፍላጭ፣ ቁራጭ፣ ሙራጅ ይሰጠናል። ከእነዚህ ውስጥ ፍላጭ የማገዶን መልክ ያመጣል፤ ስንጣሪም እንጨትን እንጂ ብረትን አያስታውስም። ሙራጅ ለሞረድ ሥራ ይቆይ። «ፍቅፋቂ» ግን ስለቱ ከአካሉ ላይ እየፈቀፈቀ የሚያነሣውን ነገር በቀጥታ ስለሚገልጽ ከሁሉ ይስማማል ባይ ነኝ። ፈቀፈቀ ለእጅ ሥራ ብቻ የተወሰነ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሆኖም «መላጊያ» ከእጅ ወደ ማሽን ሲሻገር ያስቸገረው ሰው አልነበረም።

በየአናጺው ቤት ለሁሉም የሚበቃው «ሰጋቱራ» ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ፣ ሥሩም በመጋዝ መቁረጥ በመሆኑ ለመጋዝ ዱቄት ተገቢ ነው። እዚህ ግን ጉዳት አለው። ጤናማ ምላጭ፣ በተገቢ ፍጥነት ሲገፋ፣ ቅርጽ ያለው ፍቅፋቂ ያወጣል፤ ብናኝ ማውጣት ከጀመረ ስለቱ ደንዟል ወይም አገፋፉ እጅግ ዘግይቷል ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ «ሰጋቱራ» የሚጠራ መመሪያ ሠራተኛው ምልክቱን እንዳያነብ ያደርጋል።

ግሦቹም እንደ ስሞቹ ይለዩ። ምላጩ ፍቅፋቂውን ያስወጣል፤ መምጠጫው ይመጣል፤ ወለሉ ይጠረጋል። ለአየሩ «መንፋት» ማለት አይመችም፤ ዱቄትም ይነፋል፣ ጎማም ይነፋል። «በአየር ገፍቶ ማስወጣት» ረዘም ቢልም አያሳስትም፤ አየሩ ከፕሮፋይሉ አንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ የሚያዘውን ዐረፍተ ነገርም በቀላሉ ይሸከማል።

እንግዲህ «ቆሻሻውን አጽዳ» በሚለው ፈንታ «ምላጩ በሽንቁሩ ውስጥ ሳለ ፍቅፋቂው ሳያቋርጥ እንዲወጣ አድርግ» ቢባል መልእክቱ ይደርሳል። ፍቅፋቂ የጅምላ ስም ስለሆነ «ፍቅፋቂዎች» ብሎ ማብዛት አያስፈልግም።