እርሳሱ የኛ፣ ቀለሁ የማን?

ከሜልበርን ከተማ በስተምዕራብ ዋይንድሃም ቬል በሚባለው ሰፈር፣ ሁለታችን ተከራይተን ከምንኖርበት ቤት አጠገብ አንድ ጡረታ የወጡ አውስትራሊያዊ ሽማግሌ ይኖራሉ። ቅዳሜ ጧት ጋራዣቸውን ከፍተው፣ ትንሽ የብረት ድስት በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጥደው እርሳስ ያቀልጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ወደ አጥሩ የጠራን ሽታው ነው። እርሳሱ ከአሮጌ መኪና ጎማ ላይ የሚነቀለው የሚዛን መጠበቂያ ነው። ቆሻሻው ከላይ ሲንሳፈፍ በማንኪያ ይገፉታል፤ የቀረውን ብር የመሰለ ፈሳሽ እንደ ጉጠት ተከፍቶ በሚዘጋ ቅርጽ ውስጥ ያፈሳሉ፤ ጥቂት ጠብቀው ቅርጹን ሲከፍቱት ጥይቷ እጥፍ ጨርቅ ላይ ጠብ ትላለች። ሰውዬው የመንግሥት ፈቃድ አላቸው፤ የሚተኩሱትም ከዚሁ ብዙ ሳይርቅ ሊትል ሪቨር በሚገኘው የተኩስ ሜዳ ወረቀት ላይ ነው። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1996 በፖርት አርተር 35 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ የመሣሪያ ሕግ ጠብቋልና ነገሩ ሁሉ በመዝገብ ነው።

ያን ቀን ሽማግሌው ቅርጹን ሲከፍቱት፣ ከሁለታችን የጋይንቱ ልጅ «ይኼንንማ አውቀዋለሁ» አለ። አያቱ ቤት፣ ከግድግዳው ላይ በተሰቀለች አሮጌ አኮፋዳ ውስጥ፣ ዝገት የበላው እንዲህ ያለ ጉጠት ነበር። ልጆች ሆነው ዋልነት መስበሪያ ያደርጉት ነበር አልልም፤ ዋልነት ጋይንት የለም። ጌሾ ይቀጠቅጡበት ነበር እንጂ። አያትየው አንድ ቀን ደርሰውበት «ይህ የአባቴ የአረር ማፍሰሻ ነው፤ እናንተ የምትጫወቱበት አይደለም» ብለው ቀሙት።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ የገፋፋን ያ ጉጠት ነው። በማኅበራችን ስብሰባዎች ስለ መቅደላ፣ ስለ ዓድዋ፣ ስለ ማይጨው ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ጀግንነት ነው። ጀግንነቱን የሚክድ የለም። ነገር ግን ጠመንጃ ያለ ጥይት ዱላ ነው፤ ስለዚህ ጥይቱን ማን ሠራው፣ ከየት መጣ፣ መንገዱን የዘጋው ማን ነው ብሎ መጠየቅ የታሪክ ተማሪ ግዴታ ነው።

በድሮው ነፍጥ ዘመን መልሱ ቀላል ነበር። ከአፉ የሚጎርሰው፣ ሕዝባችን «ቆመህ ጠብቀኝ» ብሎ የቀለደበት ነፍጥ፣ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ባሩድ፣ አረርና እሳት። ባሩዱ ከድኝ፣ ከአፈር ታጥቦ ከሚወጣ ጨውና ከከሰል አገር ውስጥ ይወቀጥ ነበር፤ ድኙም ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ይመጣ ነበር። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ይህን ያህል ሙቀት የማንኛዋም እናት ምድጃ ይሰጣል። እርሳስ ከጠፋ ደግሞ ቀጥቃጩ ብረት አድበልብሎ ይሰጣል። በርግጥ ነፍጡ ራሱ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር፤ የሚጎርሰው ግን የአገሬው እጅ ሥራ ነው። ቱርክ ምፅዋን ቢዘጋም ነፍጠኛው ጾሙን አያድርም።

እዚህ ላይ ስለ ቀጥቃጩ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንችልም። ማረሻውንም፣ ጦሩንም፣ አረሩንም የሚሠራው ሰው በባላባታዊው ሥርዓት ዘንድ «ጠይብ» እና «ቡዳ» ተብሎ የሚሸሽ፣ ብዙውን ጊዜም ርስት የማይነካ ሰው ነበር። ከነዚህ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጥበቡን በብርቱ ፈልገውት በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ሲያስፈስሱ እንኳ ሥራውን ያዘዙት የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ሰባት ቶን የሚገመት መድፍ ከዚያ ወጥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም አዋጅ የአንድን መደብ ኑሮ ብቻውን አይለውጥም።

መቅደላ የአዲሱ ዘመን መግቢያ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ላይ ወደ 700 የሚጠጉ የቴዎድሮስ ወታደሮች ሲወድቁ፣ ከእንግሊዝ ወገን ቆስለው ኋላ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። የእንግሊዙ እግረኛ የያዘው ከኋላው የሚጎርስ ስናይደር ነበር፤ ሕዝቡ «ሰናድር» ብሎ ስሙን አስቀርቶታል። ሰናድር የሚጎርሰው ባሩዱ፣ አረሩና መለኰሻው በአንድ ቀለህ የታሸገ ጥይት ነው። ወታደሩ ባሩድ እስኪሰፍር ማንም ቆሞ አይጠብቀውም።

ጓዶች ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ይህን ነው። አረር ከቀለህ ጋር ሲጋባ ጥይት ከገበሬው ምድጃ ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ገባ። ቀለሁ ከናስ ሉህ በከባድ ማተሚያ እየተሳበ የሚሠራ ነው፤ ከቂጡ ያለችው ካፕሱል የኬሚስት ሥራ ናት። ይሁን እንጂ ለተወሰነ ጊዜ በሩ ገርበብ ብሎ ቆይቷል። «ውጅግራ» የምንለው የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ (ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የመጣ ነው) 11 ሚሊ ሜትር ስፋትና 25 ግራም ክብደት ያለው ጥሬ እርሳስ በጥቁር ባሩድ ይተኩሳል። ፍጥነቱም በሴኮንድ ወደ 450 ሜትር ነው። ጥሬ እርሳስ ይህን ይችላል። ስለዚህ ባዶ ቀለህና ካፕሱል ያገኘ ሰው የቀረውን በአባቱ ጉጠት ሊጨርሰው ይችል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳዮች ጭስ የሌለውን ባሩድ በለበል ጠመንጃ ሲያወጡ ግን በሩ ተዘጋ። አዲሱ ባሩድ ጥይቱን በሴኮንድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረውራል። በዚህ ፍጥነት ጥሬ እርሳስ በአፈሙዙ ውስጥ ይላጫል፤ ቦዩን ይደፍናል፤ ኢላማም አይመታም። ስለዚህ እርሳሱ የመዳብና የኒኬል ልባስ መልበስ ነበረበት። ባሩዱም ቢሆን በሙቀጫ የሚወቀጥ መሆኑ ቀረ፤ በአሲድ የተነከረ ጥጥ ሆነ። እንግዲህ ውጅግራ ያገራችን ገበሬ ጥይቱን ሊያፈስስለት የሚችለው የመጨረሻው ጠመንጃ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሁሉ የሆነው ምኒልክ መሣሪያ በሚሰበስቡበት ጊዜ ነው። ባለቅኔው አርተር ራምቦ እንኳ ቅኔውን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ አሮጌ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ ወጥቷል። (አውሮፓ የጣለችውን እኛ ገዛን፤ ራምቦ ግን ብዙም አላተረፈበትም።) ኢጣልያም፣ ፈረንሳይም፣ ሩስያም በየበኩላቸው አስገቡ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ይህ ክምችት ሥራውን ሠራ። ምኒልክ ጥይቱን አስቀድመው በማከማቸታቸው ሊመሰገኑ ይገባል፤ በዚያ ቀን ደጅ የሚጠናበት ወደብ አልነበረም። ከድሉ በኋላ ግን ጥይት ከጦር መሣሪያነቱ አልፎ ገንዘብ ሆነ፤ በደቡብ ገበያዎች የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ዕቃ ይገዛ ነበር። የራሱ ፋብሪካ ባለው አገር ጥይት ገንዘብ አይሆንም።

የባሕሩ በር በሌሎች እጅ ስለነበር ቁልፉም በእጃቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1930 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ከኢትዮጵያ ጋር የመሣሪያ ማስገቢያ ውል ተፈራረሙ። በ1935 ኢጣልያ ጦሯን በኤርትራና በሶማሊያ ስታከማች፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ «ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም» አሉ። ፍትሕ መሰለ። ኢጣልያ የራሷ ፋብሪካ አላት፤ ኢትዮጵያ የላትም። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀቡን ከኢትዮጵያ ላይ ያነሣው በጥቅምት፣ ጦሩ መረብን ከተሻገረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ በሠራዊታችን እጅ የነበረው ውጅግራም፣ ለበልም፣ የዓድዋ ምርኮም፣ አዲሱ በልጅግም ነው፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ዝናሩን ሞልቶ የሚጎርሰው ያጣ ወታደር ማለት ይህ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከተሰለፈው ሰው ብዙው ከአባቱ ዘመን ጠመንጃ ጋር ነበር። በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመንም ዋናው የጥይት ምንጭ የጠላት ምሽግ ነበር፤ ማርከህ ትተኩሳለህ፣ ካልማረክህ ታድናለህ ወይም ትደበቃለህ።

አንዳንድ ጓዶች ይህን ረቂቅ አይተው «ታዲያ መፍትሔው ወደ ጉጠት መመለስ ነው?» ብለውናል። አይደለም። የእርሳስ ትነትና ብናኝ መርዝ ነው፤ ጎረቤታችን እንኳ በየጊዜው ደማቸውን ያስመረምራሉ፤ የጋይንቱን ቀጥቃጭ ማን መረመረው? እኛ ያልነው፣ የእጅ ጥበብ ከተናቀበትና ፋብሪካ ካልተተካበት አገር ጀግንነት ብቻ ወጥቶ በሜዳ ላይ እንደሚቀር ነው። ቀጥቃጩን የናቀ ሥርዓት የራሱን ዝናር ለሌላ አስረክቧል።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ጎረቤታችን ጋራዣቸው ውስጥ ተክዘው አገኘናቸው። ድስቱ ቀዝቅዟል። ሳጥን ሙሉ የሚያብረቀርቅ የእርሳስ ጥይት አጠገባቸው አለ፤ የታጠበ ባዶ ቀለህም በጠርሙስ ተሞልቷል። ምን ሆኑ ብንላቸው ካፕሱል ከሱቅ ጠፍቷል፣ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው፣ መቼ እንደሚደርስም የሚያውቅ የለም አሉን። የጋይንቱ ልጅ ከሳጥኑ አንዲቷን አንሥቶ በመዳፉ መዘናት። «ሻይ ትጠጣላችሁ?» አሉ ሽማግሌው።